ሄጃለሁ ብሎ የፈረመ ይመለሳል

በኛ አገር ዋጋው ያልናረ ነገር ቢኖር ምክር ነው። ዘይት ይጠፋል፣ ስኳር ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ ምክር ግን ጠፍቶ አያውቅም። ጥርሴን አመመኝ ብትሉ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ዓረፍተ ነገራችሁን ሳትጨርሱ መድኃኒቱን፣ የሚጠጣበትን ሰዓትና ከዚያ መድኃኒት የዳነ አንድ የአጎቱን ልጅ ይነግራችኋል። ከተማችን ጭሮ ደግሞ በዚህ ትብሳለች። ከመናኸሪያ ወርዳችሁ አንድ መሥሪያ ቤት የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። "አላውቅም" የሚላችሁ ሰው ካገኛችሁ እሱ እንደናንተው አሁን ከሚኒባስ የወረደ እንግዳ ነው። የከተማው ሰው ግን ያሳያችኋል። ቢያውቅም ያሳያችኋል፣ ባያውቅም ያሳያችኋል። አንዳንዱማ ባጃጅ አስቁሞ፣ ለሹፌሩ አስረድቶ፣ መርቆ ወዳልሆነ ቦታ ይሸኛችኋል። ተንኮል ኖሮት እንዳይመስላችሁ። እንግዳን "አላውቅም" ብሎ ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ስለሚመስለው ነው።

"መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ" ይባላል። መካሪ የበዛበት ንጉሥ ስንት ዓመት እንደሚነግሥ ግን የነገረን የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስድስት ወርም የሚሞላ አይመስለኝም። ይኸው፣ ሳትጠይቁኝ መለስኩላችሁ። በሽታው እኔም ጋ አለ ማለት ነው፤ የዛሬው ጨዋታዬም ስለዚሁ በሽታዬ ነው።

አስናቀች እባላለሁ፤ ተማሪዎቹ እትዬ አስኔ ይሉኛል። ሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በጽሕፈት መኪና ጀምሬ በኮምፒውተር ጨረስኩ። ጡረታ ስወጣ ከአንድ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ኮፒ ማሽን ያላት ጠባብ ቤት ከፈትኩ። ማሽኑ ሲሞቅ ወረቀት ይጎርሳል፤ እኔም ሲሞቀኝ እንዲሁ ነኝ። የኮሌጁን ስም አትጠይቁኝ፤ ለወጋችን አይጠቅምም፤ እንዲህ ያለ በር፣ ከበሩ ፊት ለፊትም እንደኔ ያለች ሴት የሌለበት ከተማ ያለ አይመስለኝም።

የምዝገባ ሳምንት ሲደርስ ከበሩ ውስጥ ቃላት አስፋልቱን ተሻግረው ወደኔ ይመጣሉ። ሬጅስትራር፣ ስሊፕ፣ ክሬዲት አወር፣ ፕሪሪኩዚት፣ አድ ኤንድ ድሮፕ። አዲስ ተማሪ ውስጥ ሆኖ ምን ማለት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ሌላው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋላ። ሌላውም ስለሱ እንዲሁ ያስባል። ስለዚህ ተራ በተራ መንገድ እየተሻገሩ፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያደርጉ መስለው፣ በጨረፍታ ይጠይቁኛል። እኔም መቼም አላሳፍርም። ክሬዲት አወር የኮርሱ ክብደት ነው፤ አራት የሆነው ላይ ብትወድቁ ሦስት ከሆነው ይበልጥ ይሰብራችኋል እላቸዋለሁ። አድ ኤንድ ድሮፕ ደግሞ ኮርስ መጨመርና መጣል ነው፤ ከተማችን ራሷ አሰበ ተፈሪን ድሮፕ አድርጋ ጭሮን አድ አድርጋ የለም ወይ፣ ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ዛሬ በድሮው ስሊፕ ነው የሚሄዱት ስላቸው ይስቃሉ፤ ሲስቁ ይገባቸዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ፕሪሪኩዚት ማለት መጀመሪያ ያንን ሳታልፍ ይህን አትወስድም ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተሾምኩ አማካሪ ሆኜ አረፍኩት።

የተሾመው አማካሪ እኮ ውስጥ አለ። አድቫይዘር ይሉታል። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ መምህር ይመደብለታል፤ ተማሪው የሚመዘገብባቸውን ኮርሶች ስሊፕ በሚሉት ወረቀት ላይ ጽፎ አማካሪውን ያስፈርማል። በደንቡ ቁጭ ብለው ተነጋግረው ነው። በተግባር ግን የክፍሉ ተወካይ የሁሉንም ስሊፕ ሰብስቦ ይወስዳል፤ መምህሩ ባንድ ትንፋሽ ይፈርመዋል፤ ተወካዩ መልሶ ያድላል። ለመምህሩም ይመቻል፣ ለተማሪውም ይመቻል፣ ስሊፑን ለማባዛት ለኔም ይመቻል። አማካሪና ተመካሪ ሳይተዋወቁ አራት ዓመት በሰላም ኖረው በሰላም ይለያያሉ። ከትዳር ይሻላል።

ከነዚህ ቃላት ሁሉ የማላውቀው አንድ ብቻ ነበር። ዊዝድሮዋል። ፎርሙን ስንት ጊዜ እንዳባዛሁት አልነግራችሁም፤ ማባዛትና ማወቅ አንድ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ አጋማሽ፣ ሚኤሶ በኩል ዝናብ በቀረበት ጊዜ፣ ኢፍቱ የምትባል ልጅ ከአባቷ ጋር ወደ ቤቴ ገባች። ኢፍቱ የእንስሳት ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ጸጥ ያለች፣ ወረቀቷን ሳታጣጥፍ የምትይዝ ልጅ። አባቷን ኦቦ ሙሜን ከዚያ በፊት አንድ ሁለቴ አይቻቸዋለሁ፤ ሚኤሶ ገጠሩ ውስጥ ከብትና ማሽላ ነው ኑሯቸው። ልጃቸው ላም ልትማር ኮሌጅ መግባቷ መጀመሪያ አስቋቸው እንደነበር እሳቸው ራሳቸው አጫውተውኛል። እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንቺ ይሉኛል፤ በኛ አካባቢ በዚህ የሚቀየም የለም።

ችግሩ ይህ ነው። እናቷ ታማለች፤ ከብቶቹ ውሃ ፍለጋ ወደ ሩቅ ወርደዋል፤ ቤት የሚቀር ሰው የለም። ኢፍቱ መሄድ አለባት። ልጅቷ ግን ሥርዓት ታውቃለችና ዝም ብላ አልሄደችም፤ አድቫይዘሯን በር ላይ ጠብቃ ነገረችው። መምህሩ ጠመኔና መጽሐፍ ይዞ ወደ ክፍል እየሮጠ ስለነበረ የዊዝድሮዋል ፎርም ሙዪ፣ ፎርሙ ከበሩ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፣ እዚያ ያስረዱሻል ብሏት ገባ።

አያችሁ፣ ኮሌጁም መኖሬን ያውቃል ማለት ነው። ትንሽ ኮራሁ፤ ልዋሻችሁ አልችልም።

ፎርሙን አወጣሁና በአማርኛም በኦሮምኛም እየቀላቀልኩ ለኦቦ ሙሜ አነበብኩላቸው።

"ምንድነው የሚለው?"

"ትምህርቴን አቁሜ ሄጃለሁ ነው የሚለው።"

"ማነው የሚፈርመው?"

"እሷ ትፈርማለች፤ አማካሪዋ ይፈርማል፤ እርስዎም እዚህ ጋ።"

እስክሪብቶውን ይዘው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"አዴ አስናቀች፣ እኔ ይሄን አልፈርምም። ከድር ሄደ። ሌላ ልጄ ሄደች ብዬ በእጄ አልጽፍም፣ ወላሂ።"

ከድር ትልቁ ልጃቸው ነው። አራት ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን ጠዋት ሚኤሶ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ፤ ከገበያው አልተመለሰም። ከጓደኞቹ ጋር በታህሪብ፣ በስውር የደላላ መንገድ፣ ወደ ጅቡቲ መስመር መሄዱ የተሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። ከባሕሩ ወዲህ ሆኖ አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከባሕሩ ወዲያ ሆኖ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ እንዲህ ያለ ሰው ፊት "ሄጃለሁ" የሚል ወረቀት ይቀርባል?

ይህን ሰምቼ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። ወይም "ቆዩ፣ ተሻግሬ ሬጅስትራር ቢሮ ጠይቄ ልምጣ" ብል፤ መንገዱ ሃያ እርምጃ ነው። እኔ ግን መከርኩ።

"ልክ ናቸው፣ አትፈርሚ" አልኳት። "ለምን በገዛ እጅሽ ማስረጃ ትሰጫለሽ? የተጻፈ ነገር ይይዛል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያየሁት ሰው የሚከሰሰው በጻፈው ነው፣ ባልጻፈው አይደለም። ዝም ብለሽ ሂጂ፣ እናትሽን አስታሚ፣ ሲሻላት ትመጪያለሽ።"

"አድቫይዘሬ ግን ሙዪ ብሎኛል፣ እትዬ።"

"አድቫይዘርሽ ያውቅሻል?"

"አያውቀኝም።"

"እንግዲያውስ።"

ይቺ "እንግዲያውስ" ዛሬም ድረስ ምላሴ ላይ ትቆረቁረኛለች። አባትና ልጅ አመስግነውኝ ወጡ። ኦቦ ሙሜ በሩ ላይ ቆመው መረቁኝ። እኔም ፎርሙን ጀርባው ንጹሕ ነው ብዬ ለመሞከሪያ ከሚሆኑት ወረቀቶች ጋር ደባለቅኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ጠባ፤ ምዝገባ መጣ፤ በሬ ላይ ሰልፍ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ከሰልፉ መካከል ኢፍቱን አየኋት። ከስታለች፤ ሳቋ ግን አለ። እናቷ ተሽሏት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከከብቶቹ የተረፉት ተመልሰው፣ እሷም አዲስ ደብተር ገዝታ መጥታለች። በደስታ ሳምኳት። እሷን ወደ ሬጅስትራር መስኮት ሸኝቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰችና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

"ስሜ የለም፣ እትዬ።"

"እንዴት ይጠፋል? በደንብ አሳይተሻቸዋል?"

"አይተውታል። ድሮፕ አውት ነሽ አሉኝ። አምስቱም ኮርስ ኤፍ ነው።"

ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። እኔ አስረጂዋ ማለት ነው፤ ተማሪዋ እያስረዳችኝ ሰማሁ። ዊዝድሮዋል ሞልቶ የሄደ ሰው በሥርዓቱ እንደተሰናበተ ይቆጠራል፤ ቦታው ይጠበቅለታል፤ ችግሩ ሲያልፍ ሪአድሚሽን የሚባለውን፣ የመመለሻውን ፎርም ሞልቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ሳይሞላ የሄደ ግን የጠፋ ነው። የጀመራቸው ኮርሶች ሁሉ ወድቋቸዋል ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙም ይሰረዛል። እንግዲህ ቃሉ ይህ ነበር። ሄጃለሁ ብሎ የፈረመ ይመለሳል፤ አልሄድኩም ብሎ ዝም ያለ ይቀራል። አባትየው ልጃቸው እንዳትቀርባቸው ብለው ያልፈረሙት ወረቀት የመመለሻዋ ወረቀት ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት ጀርባውን ቀለም መሞከሪያ አድርጌዋለሁ።

ብትቆጣኝ በወደድኩ። "እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እትዬ" አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ "ጓደኞቼ ለዓረብ አገር ፓስፖርት እያወጡ ነው። እኔም ካልሆነ ከነሱ ጋር እሄዳለሁ። ለአባቴ እንዳይነግሩት።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። የአንዱን ሰው መታወቂያ ፊቱን ሁለት ጊዜ ኮፒ አድርጌ ጀርባውን ረሳሁት። ለአንዲቱ ተማሪ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠይቄ በአራተኛው የእናቷን ስም ጻፍኩላት። ቤቱን ዘግቼ እስከ መናኸሪያ ወረድኩ፤ ለምን እንደወረድኩ ሳላውቅ ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። የጫት አይሱዙዎቹ ጡሩምባቸውን እያስጮሁ በአጠገቤ ሲያልፉ ሁሉም የሚሄዱበትን ያውቃሉ ብዬ ቀናሁባቸው። ምዝገባው ዓርብ ቀትር ላይ ይዘጋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ልጅቷ ከዓርብ በኋላ የምትሳፈርበትን መኪና እያሰበች ነው፤ የምታስበውም በኔ ምክር ነው። ተሻግሬ ገብቼ መስኮቱን አንኳኳሁ። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ትሑት ሴት ናት፤ መንገዱን በደንብ ነገረችኝ። አቤቱታ ይጻፍ፤ የሄደችበት ምክንያት ማስረጃ ይቅረብ፤ አማካሪዋም ይደግፋት፤ ለኮሚቴ ይቀርባል። እስከ ዓርብ ቀትር። መጠየቅ ለካ ይህን ያህል ነው፤ ከአምስት ወር በፊትም ይህን ያህል ነበር።

ረቡዕ ኦቦ ሙሜ ተደውሎላቸው የእናትየውን የሕክምና ወረቀት ይዘው በጭነት መኪና ከተፍ አሉ። ነገሩን ሰምተው፣

"ጥፋት ካለ ሽማግሌ ይላካል። ሬጅስትራር የሚባለው ሰውዬ የማን ዘር ነው? ቤቱ የት ነው?" አሉኝ።

"ሰውዬ አይደለም፣ ኦቦ ሙሜ። ቢሮ ነው።"

"ቢሮም ቢሆን አቦ፣ ውስጡ ሰው አለ አይደል?"

አልተሳሳቱም። ሐሙስ ጠዋት ሦስታችን ወደ አድቫይዘሩ ቢሮ ሄድን። ልጅ እግር መምህር ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ተነሣ። ኢፍቱ ስሟን ተናገረች።

"የኔ ተመካሪ ነሽ?" አላት።

"ሁለት ዓመት ሆነኝ።"

አመነታና ከመደርደሪያው ላይ ፋይል አውርዶ አገላበጠ። ስሊፖቿ ተገኙ፤ ሁሉም ላይ የሱ ፊርማ አለ። የራሱን ድምፅ በቴፕ እንደሰማ ሰው ፊርማውን አየው።

"ስትሄጂ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬዎታለሁ። ወደ ክፍል እየገቡ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ሂጂ፣ እዚያ ያስረዱሻል አሉኝ።"

ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ማንንም ሳያይ "እና አስረዷት?" አለ።

እዚህ ላይ እኔ የኦቦ ሙሜን የጋቢ ጫፍ ለመጋረጃ ፈልጌ ነበር። ማምለጫው እኮ ነበረ። "አልመጣችም" ብል፣ "መጥታ ፎርሙን ወስዳለች" ብል ልጅቷ አፍ አውጥታ እትዬ ዋሹ አትልም፤ አሳዳጊዎቿ እንደዚያ አላሳደጓትም። አጠገቤ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

"እኔ ነኝ ያስረዳኋት" አልኩ። "አትፈርሚ አልኳት።"

"ለምን?"

"የማውቅ መስሎኝ።"

ኦቦ ሙሜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መምህር፣ እሷን ብቻ አትያዛት። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የሷ ምክር የመጣው ከኔ እንቢታ ኋላ ነው።"

መምህሩ ሁለታችንንም አየን፣ ፊርማዎቹንም አየ። "እንግዲህ ጥፋቱ ለሦስት ነው" አለ። "ሦስታችንም እንጻፍ።" በአምስት ወር ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ትክክለኛ ምክር ይህ ነው።

ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ለስንት ሰው አቤቱታ ጽፌያለሁ መሰላችሁ። ደብዳቤ ሲጻፍ አድራጊውን ማጥፋት የኔ ሙያ ነው፤ ንብረቱ "ጠፍቷል" እንጂ እገሌ አጠፋው አይባልም፤ ሥራው "ዘግይቷል" እንጂ እገሌ ተኛበት አይባልም። ጣቶቼ በለመዱት ሄዱ። "በተፈጠረው የመረጃ ክፍተት ምክንያት ተማሪዋ ተገቢውን ቅጽ ሳትሞላ የቀረች በመሆኑ" ብዬ አሳምሬ ጽፌ፣ አትሜ፣ ለመምህሩ ወሰድኩለት። አነበበና ቀና አለ።

"እትዬ፣ ይሄ ክፍተት ማነው?"

ተመለስኩ። በማግስቱ ቀትር ቀነ ገደቡ ነው፤ እኔ ደግሞ ባዶ ስክሪን ላይ ፈዝዣለሁ። እየተነሣሁ ማሽኑን እጠርጋለሁ፣ ወረቀት አስተካክላለሁ፣ ያልጠራ ስልክ አነሣለሁ። የፈራሁትን ልንገራችሁ? ከተማው ይሰማል ብዬ ፈራሁ። እትዬ አስኔ አታውቅም ለካ ይባላል ብዬ። ያቺን ቃል በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስለራሴ አንድ ጊዜም ጽፌያት አላውቅም። መጨረሻ ላይ አራት መስመር ጻፍኩ፤ ፎርሙን እንዳትሞላ የመከርኳት እኔ አስናቀች ነኝ፣ የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ አላውቅም ነበር፣ ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ፈረምኩበት። ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ደብዳቤ እሱ ነው፤ በላብ ያጠመቀኝም እሱ ብቻ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሦስቱ ደብዳቤዎችና የሕክምናው ወረቀት ገቡ። የኦቦ ሙሜን እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩላቸው፤ አንድ ቃል አላሳመርኩም። መልሱ እስኪመጣ ዐሥር ቀን ፈጀ። በነዚያ ዐሥር ቀናት ያ በር በተከፈተ ቁጥር ከወንበሬ እነሣ እንደነበር ጎረቤቶቼ ይመሰክራሉ። መልሱ መጣ፤ ተቀብለዋታል። ኤፎቹ ይነሡላታል፤ ነገር ግን ያቋረጠቻቸው ኮርሶች የሚሰጡት በሁለተኛው መንፈቅ ስለሆነና ለቀጣዮቹ ፕሪሪኩዚት ስለሆኑ፣ እስከዚያ ቤቷ ቆይታ ከታናናሾቿ ጋር ትቀጥላለች። ባጭሩ አንድ ዓመት ከዕድሜዋ ላይ ተቆርሷል። ፕሪሪኩዚቱን ለኦቦ ሙሜ ላስረዳ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ፤ "ላሚቱ ሳትወልድ ወተት የለም፣ ገብቶኛል" አሉኝ። የመመለሻውን ፎርም ግን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። "እመለሳለሁ ነው የሚለው?" አሉ። "አዎ" አልኳቸው። እስክሪብቶውን ተቀብለው ቀስ ብለው፣ ወረቀቱ እስኪሰረጎድ ተጭነው ፈረሙ።

እኔ ደግሞ በበሬ መስታወት ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ "ምክር አንሰጥም።" ጥቅሙን ልንገራችሁ። ተማሪው ይመጣል፣ ቆሞ ያነበዋል፣ ይገባል፤ ከዚያ "እትዬ፣ ማስታወቂያውን አይቻለሁ፤ እንዲያው አንዲት ጥያቄ ብቻ" ይላል። አሁን ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። "አላውቅም፣ ተሻግረህ ጠይቅ" እላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይቀየሙኝ ነበር፤ አንዱማ እናታቸውን አሟቸው ነው የሚያኮርፉት ብሎ ለጎረቤት ነገረልኝ። እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ኢፍቱ በሁለተኛው መንፈቅ ተመልሳ ተመዘገበች። ስሊፗን ለክፍል ተወካዩ አልሰጠችም፤ ራሷ ይዛ ገብታ አድቫይዘሯ ፊት ተቀምጣ አስፈረመች። ስትወጣ አሳየችኝ፤ ፊርማው ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ በገበያ ቀን፣ ኦቦ ሙሜ የግመል ወተት በጄሪካን ይዘው ገቡ። ወተቱን አቀበሉኝ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ድንገት፣

"አዴ አስናቀች፣ ያ የመሄጃው ፎርም አለሽ?" አሉኝ።

"ምነው? ኢፍቱን ሊያስወጧት ነው?"

"ኢፍቱ ትማራለች፣ ኢንሻላህ። ለከድር ነው።"

ያልገባኝ መስሏቸው ቀስ ብለው፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው፣ አስረዱኝ። "እሱ ሳይነግረን ነው የሄደው። ፎርም አልሞላም። ሳይሞላ የሄደ ይጠፋል አላልሽኝም? እናቱ እሱን ነገር ሰምታ ዝም አላለችም። ሂድና ሙላለት አለችኝ። እኔም ይሄ ለኮሌጅ ነው አልኳት፤ አውቃለሁ። ግን ሙዪልኝ።"

አውቃለሁ አሉ እኮ። ሞኝ ናቸው ብላችሁ እንዳትስቁ፤ እኔም ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። ፎርሙን አወጣሁ። ስም፣ ከድር ሙሜ። የትምህርት ክፍል የሚለውን በሰረዝ አለፍኩት። ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ ጥቂት አሰቡና "ዝናብ ጠፋ በይ" አሉኝ፤ ጻፍኩ። የሚመለስበት ጊዜ የሚለውን "ክፍት ተዪው" አሉ፤ ተውኩት። የወላጅ ፊርማ ላይ እንደ በፊቱ ተጭነው ፈረሙ።

"አማካሪ የሚለው ቀርቷል" አልኳቸው።

"አንቺ ፈርሚ። ያኔ እኔ ነኝ ብለሽ ፈርመሽ ልጄ ተመለሰች።"

በሬ ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ ከውስጥ በኩል በጀርባው አየሁት፤ ፊደሉ ተገልብጦ ይታያል። ፈረምኩ። ሁለት ኮፒ አደረግኩት፤ አንዱን እሳቸው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ አንዱን እኔ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

"ይሄ ፎርም ጊዜ ያልፍበታል?"

"አያልፍበትም" አልኳቸው።

ተሻግሬ ማንንም አልጠየቅኩም።